በጾም ወቅት እየጾምኩ፣ በቀን አንድ ጊዜ እየበላሁ ክብደቴ ለምን ይጨምራል?

የሐረጎ ተጓዥ (ጠያቂ)

ለተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚያሳስበኝን አንድ ጉዳይ ልጠይቃችሁ ወደድኩ። ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት 61 ኪሎ የነበረው ክብደቴ ዛሬ 68 ደርሷል። በዚያን ጊዜ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር እሠራ ስለነበር፣ ጠዋትና ማታ 25 ደቂቃ ያህል በእግሬ እሄድ ነበር፤ ደሴን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው ያ መንገድ ሜዳ የለውም፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። አሁን ግን ኮምቦልቻ በአንድ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ከሰፈሬ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከመናኸሪያ ደግሞ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እገባለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ማታም እንዲሁ ተቀምጬ እመለሳለሁ።

ግራ ያጋባኝ የምግቤ ነገር ነው። በአዘቦት ቀን ቁርስ አልበላም ማለት ይቻላል፤ ምሳና እራት ብቻ ነው የምበላው። ባለፈው ዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም ሳልቀምስ ቆይቼ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ጠግቤ እበላና ማታ ጥቂት ነገር ቀምሼ እተኛ ነበር። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ሆኖም ጾሙ ሲገባ 66 የነበረው ክብደቴ በሰሙነ ሕማማት ስመዘን 68 ሆኖ አገኘሁት። ሰውነት የሚያስገባውና የሚያወጣው ኃይል ሲመጣጠን ክብደት ባለበት ይጸናል፣ ገቢው ሲበልጥ ይጨምራል የሚለውን አንብቤአለሁ፤ በሙያዬ ገቢና ወጪ ሳይገጥምልኝ መዝገብ መዝጋት ስለማልችል፣ ይህ የራሴ ሒሳብ አለመግጠሙ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ይነግረኛል። የሥራ ባልደረቦቼ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው ይላሉ፤ ታላቅ እህቴ እንጀራውን ቀንሺ ትላለች፤ ጎረቤቶቼ ዕድሜ ነው ይላሉ፤ እናቴ ደግሞ ተመችቶሽ ነው ብላ ታመሰግናለች። ለመሆኑ ይህ የኃይል ሚዛን የሚባለው ነገር በእኔ ላይ አይሠራም ማለት ነው? ወይስ ያላየሁት ነገር አለ?

የቦርከና ልጅ

ሰላም ለእርስዎ እህታችን። እኔም የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ፤ ስፖርት እሠራለሁ። በእኔ አስተያየት ካሎሪ መቁጠር ጊዜው ያለፈበት ሐሳብ ነው፤ የሚያወፍረው የምግቡ ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነው። ባለፈው መስከረም እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ስኳር ፈጽሜ ትቼ ሥጋ፣ እንቁላልና አትክልት ብቻ በመመገብ በሁለት ሳምንት ውስጥ 4 ኪሎ ቀንሻለሁ። በዚያ ወቅት እስክጠግብ እበላ ነበር እንጂ ራሴን አላስራብኩም። ስለዚህ ጾሙ ሲያበቃ እንጀራውን እንዲተዉት እመክርዎታለሁ።

ጦሳ ሥር

የተከበሩ ጠያቂ፣ በደሴ ለረጅም ዓመታት በጤና ሙያ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ጥያቄዎን ከልብ ያነበብኩት፣ ይህንኑ ጥያቄ በተለይ ከጾም በኋላ ከብዙ እናቶችና እህቶች ስለምሰማው ነው። አብዛኞቹ እንደ እርስዎ በእውነት የሚጾሙ ናቸው፤ ሆኖም ለሌላው ሰው ሲናገሩ እንደ ውሸታም ስለሚታዩ ያፍራሉ። እርስዎም አልዋሹም፤ የኃይል ሚዛን ሕግም አልተሻረም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚቆሙ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሰውነታችን በቀን ውስጥ ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛውን፣ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 በመቶውን፣ ተኝተን ብንውል እንኳ ልብን ለማስመታት፣ ለመተንፈስ፣ ለአንጎልና ለጉበት ሥራ ያውለዋል። 10 በመቶ ገደማው የበላነውን ለመፍጨት ይሄዳል፤ የቀረው እንቅስቃሴ ነው። ከሰው ሰው እጅግ የሚለያየው፣ በኑሮ ለውጥም ሳናውቀው የሚያሽቆለቁለው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። ዕድሜን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና ከ29 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ የሰውነት መጠን ግምት ውስጥ ሲገባ የኃይል ወጪ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። ስለዚህ በ36 ዓመት ዕድሜ ላይ ማመካኘት አንችልም። የኮምቦልቻ ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መዋል፣ ልብስ ለብሶና ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ሰባት ኪሎ የሚያስጨምር ልዩነት አያመጣም።

አሁን በእርስዎ ሙያ ቋንቋ ላስረዳ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ያህል ያከማቻል። ሰባት ኪሎ ማለት ወደ 54,000 ካሎሪ ነው፤ ለሦስት ዓመት ቀናት ሲካፈል በቀን 50 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ይህ ግን የተቀማጩ ሒሳብ ብቻ ነው። ሰውነት ሲከብድ ወጪውም ስለሚጨምር፣ ያንን ክብደት ለመገንባትም ሆነ ለማቆየት የሚያስፈልገው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪ የነበረው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ በቀን 24 ካሎሪ ያህል የሆነ ዘላቂ ለውጥ ውሎ አድሮ አንድ ኪሎ ያህል የክብደት ለውጥ ያመጣል፤ የለውጡ ግማሽ በአንድ ዓመት ገደማ፣ አብዛኛው ደግሞ በሦስት ዓመት ገደማ ይታያል። የእርስዎ ሰባት ኪሎ በሦስት ዓመት የመጣ ነውና፣ በዚህ ስሌት በቀን 170 ካሎሪ ያህል ልዩነት ማለት ነው። ልብ ይበሉ፣ ይህ አንድ ማዕድ አይደለም፤ የግማሽ ማዕድ እንኳ አይሆንም። ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ የማያስተውለው መጠን ነው፤ ሒሳቡ ያልገጠመልዎትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህ 170 ከየት መጣ? አንዱን ምንጭ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። በቀን 50 ደቂቃ፣ ያውም በደሴ ዳገት፣ ይሄድ የነበረ የ61 ኪሎ ሰው ቁጭ ብሎ ከሚውለው ይልቅ ቢያንስ 130 ካሎሪ ያህል ይበልጥ ያወጣ ነበር። ያ ወጪ በባጃጅና በሚኒባስ ተተካ፤ የሚበሉት ግን ባለበት ቀጠለ፤ የምግብ ፍላጎት እንቅስቃሴ ሲቀንስ በዚያው ልክ አይቀንስምና።

ሁለተኛውን ምንጭ በጾሙ ምግብ ውስጥ እጠረጥራለሁ። ጾም የምንበላበትን ሰዓትና የምግቡን ዓይነት ይወስናል እንጂ የኃይሉን መጠን አይወስንም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲኖረው፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ዱቄት እንዲሁም አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ገደማ ብቻ አላቸው። ሥጋና ቅቤ ሲወጡ ጣዕሙን የሚተካልን ዘይት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ከዚያም ላይ እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው ርቦት ስለሚቀርብ ፈጥኖ ይበላል፤ ጥጋብም ወደ አንጎል ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል።

ወንድማችን የቦርከና ልጅ ያሉትን አላናንቅም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው ስኳር እያንዳንዱን ግራም ከ3 ግራም ያህል ውሃ ጋር ይዞ ስለሚቆይ፣ እንጀራና ዳቦ በድንገት ሲቆም ያ ውሃ በጥቂት ቀናት ይወጣል፤ ስለዚህ ከ4ቱ ኪሎ ጥሩ ድርሻ ያለው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከስታንፎርድ የወጣ ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ከፊሎቹ ስብ፣ ከፊሎቹ ደግሞ እንጀራና ዳቦን የመሰሉ ምግቦችን እንዲቀንሱ አድርጎ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3፣ ሁለተኛዎቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ትርጉም የሚሰጠው አልነበረም። ጤፍም ቢሆን 100 ግራም ደረቅ ዱቄቱ ወደ 367 ካሎሪ ነው፤ ከስንዴና ከገብስ ብዙም አይርቅም። እንጀራ ደግሞ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ምግብ ዓይነት ያነሱት ሐሳብ በአንድ በኩል እውነት አለው። ኬቨን ሆል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሌላ ጥናት 20 ሰዎች በተቋሙ ውስጥ እየኖሩ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተቀነባበረ ምግብ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተደርጎ፣ በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ። የምግቡ ዓይነት የምንበላውን መጠን ይመራል፤ የኃይል ሚዛንን ግን አይሽርም።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎ ራስዎን እንዳያስርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን በብዙ ቀንሶ ሲያቆያቸው፣ ክብደታቸው ሩብ ያህል ሲቀንስ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ ብርድ ይሰማቸው ጀመር፣ ከምግብ በቀር ሌላ ማሰብ አቃታቸው፤ እንደልብ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ጠግበው እንኳ ማቆም የተሳናቸው ነበሩ። ሰውነት በድንገት ሲጎድልበት ወጪውን ይቆጥባል፣ ረሃብንም ያበረታል። 170ን የሚያስተካክል ትንሽ ለውጥ ግን ብዙም ሳያስቆጣው ሊያልፍ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወስዱ ከሆነ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ስለሚጨምር ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩበት፤ ድካም፣ የሆድ ድርቀትና ብርድ የሚሰማዎት ከሆነም የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያድርጉ።

የሰኞ ገበያዋ

እህቴ፣ እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ለብዙ ዓመታት ምግብ ሠርቼ በመሸጥ ልጆቼን ያሳደግኩ ነኝ። ጦሳ ሥር ስለ ዘይት የጻፉት በትክክል የማውቀው ነገር ነው። በጾም ወቅት ሽሮውና ምስሩ ያለ ቅቤ ስለሚቀርብ ደንበኛ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ካላየ አልተሠራም ይላል፤ ስለዚህ እጃችን ይረዝማል። ቀይ ወጡ፣ ፍርፍሩ፣ ፓስታው ሁሉ ዘይት ይጠጣል፤ ከሥር የተነጠፈው እንጀራ ደግሞ ከወጡ የወረደውን ዘይት ሁሉ ይዞ ስለሚቆይ፣ መጨረሻ ላይ የሚበላው ያ እርጥብ እንጀራ ከፍተኛው ዘይት ያለበት ነው።

ማንኪያ በማንኪያ መቁጠር ለቤት እመቤት አይሆንም፤ ልጅ እያለቀሰ፣ ቡና እየተፈላ ማን ይለካል? እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። አዲስ ጀሪካን ስትከፍቺ ቀኑን በላዩ ላይ ጻፊ፤ ያለቀበትንም ቀን ጻፊ፤ ከዚያ ለቤተሰቡ ቁጥር አካፍዪ። እኔ በዚህ መንገድ ነው ባለፈው ዓመት በቤታችን ምን ያህል ዘይት እንደምንበላ ያወቅኩት፤ ባየሁትም ነገር ደንግጫለሁ።

ለመቀነስ ደግሞ ጣዕም ማጣት አያስፈልግም። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ፣ ሲደርቅም ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እያበሰልሽ ቆይተሽ፣ በርበሬውን ጨምረሽ ካቁላላሽ በኋላ ዘይቱን በመጨረሻ አግቢ፤ ግማሹ ይበቃዋል፤ መልኩም አይከፋም። አዚፋና ቅቅል አትክልት ደግሞ ጥቂት ዘይት ወይም ምንም ሳይገባባቸው የሚጣፍጡ ናቸው። ስናፍጩ በደንብ ከተመታ የዘይቱን ናፍቆት ያስረሳል። ሱፍ ፍትፍት ግን የጾም ነው ብለሽ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ሱፉ ራሱ ዘይት ያለው እህል ነው።

የሸዋ በር ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁም። እህታችን የገለጹት ነገር በእኛም ጾም የሚታይ ስለሆነ ልምዴን ላካፍል። ላለፉት አራት ረመዳኖች በየሳምንቱ ጁምዓ ጠዋት ክብደቴን እየተመዘንኩ መዝግቤአለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ረመዳኖች፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ወርዶ ዒድ ሲደርስ ግን ሁሉም ተመልሶ፣ አንድ ጊዜም በላዩ ጨምሮ አገኘሁት። ምክንያቱን ስፈልግ ማፍጠሪያችን ላይ ደረስኩ። ሳምቡሳው በዘይት የተጠበሰ ነው፤ ጭማቂው በስኳር የተሠራ ነው፤ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ አለ፤ ለስላሳ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዋናው እራት ይመጣል። ቀን ቀን ደግሞ ጾመኛ ነኝ ብዬ ከወትሮው ያነሰ እንቀሳቀስ ነበር።

በሦስተኛው ረመዳን ያደረግኩት ለውጥ ትንሽ ነበር። በሦስት ተምርና በውሃ ካፈጠርኩ በኋላ ሾርባ ጠጥቼ መግሪብን እሰግዳለሁ፤ እራቱን ከሶላት በኋላ ስቀርብ ረሃቡ በርዶ ስለሚጠብቀኝ የምበላው በራሱ ይቀንሳል። ሳምቡሳ አልተውኩም፤ ከአራት ወደ አንድ አወረድኩት። ለተራዊሕም በእግሬ እሄዳለሁ። በዚያ ዓመትም፣ በተከታዩም፣ አንድ ኪሎ ገደማ ቀንሼ ወጣሁ፤ ሆኖም ከዒድ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ጥንቃቄውን ስተው ተመልሷል። ይህንን የምጽፈው የአንድ ወር ጥንቃቄ ለአሥራ አንድ ወር እንደማይበቃ በራሴ ላይ ስላየሁ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ስለ እናትሽ የጻፍሽው ልቤን ነካው። እኔ በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ እዚህ ወሎ ውስጥ ነበርኩ። እንደኛ ዕድሜ ላለ ሰው «ከሳሽ» የሚለው ቃል የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው፤ «ተመችቶሻል» ደግሞ ምርቃት ነው። ስለዚህ እናትሽ ጤናሽን ንቀው አይደለም፤ የሚያዩት ከእኛ ዘመን መለኪያ ነው። ይሁን እንጂ እኔም በ58 ዓመቴ የስኳር ሕመም ተገኝቶብኝ፣ ሐኪሙ ከክብደቴ ይልቅ ወገቤን በሜትር ለክቶ፣ የሆድ ስብ ከሌላው ስብ ይልቅ እንደሚጎዳ አስረድቶኛል። ለሴት 80 ሳንቲ ሜትር፣ ለወንድ 94 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ብሎኛል። አንድ ሜትር ከልብስ ሰፊ ተዋሽና ወገብሽን ለኪ፤ እናትሽንም ለኪያቸው። ያኔ ጉዳዩ የመክሳትና የመወፈር ሳይሆን የጤና መሆኑ ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ።

የቦርከና ልጅ

ጦሳ ሥር ስለሰጡኝ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንጀራ መብላት በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ከ4ቱ ኪሎ ከሁለት በላይ ተመልሶ ነበር፤ እኔ ግን እንጀራው በሳምንት ሁለት ኪሎ ያወፈረኝ መስሎኝ ነበር። የውሃውን ነገር አላውቅም ነበር።

የሐረጎ ተጓዥ

ከአምስት ሳምንት በኋላ እየጻፍኩ ነው፤ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

በመጀመሪያ የጀሪካኑን ሒሳብ ሠራሁ። በቤታችን አራት ሰው ነን። አምስት ሊትር ዘይት ወደ 41,000 ካሎሪ ነው። የሱቅ ደረሰኞቼን ስለማልጥል ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ፤ በአዘቦት ጊዜ አንድ ጀሪካን አንድ ወር ይቆየን ነበር፤ ይህም ለአንድ ሰው በቀን 340 ካሎሪ ያህል ነው። በዐቢይ ጾም ግን በሦስት ሳምንት አልቋል፤ ይህም በቀን ወደ 490 ይደርሳል። እኛ በፍስኩም ሥጋና ወተት እምብዛም ስለማንገዛ፣ ጾሙ የቀነሰልን ነገር ጥቂት ሲሆን የጨመረብን ግን 150 ካሎሪ ነበር። ይህ እስከ ሰሙነ ሕማማት በነበሩት 48 ቀናት ሲባዛ አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የቀረው አንድ ኪሎ ውሃና የተመዘንኩበት ሰዓት ልዩነት ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ፤ የመጀመሪያውን የተመዘንኩት በጠዋት ሲሆን ሁለተኛውን የተመዘንኩት ከምግብ በኋላ ነበርና።

ያልጠበቅኩት ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። ለአንድ ሳምንት የቀመስኩትን ሁሉ ስመዘግብ፣ በፍስክ ቀን ቢሮ ውስጥ አራት ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ፤ በእያንዳንዱ ሦስት ትንሽ ማንኪያ ስኳር አለ። አሥራ ሁለት ማንኪያ ማለት 48 ግራም፣ ከ190 ካሎሪ በላይ ነው። ሻይ ምግብ ነው ብዬ አስቤ ስለማላውቅ፣ ቁርስ አልበላም እያልኩ ቁርስ የሚያህል ስኳር እጠጣ ነበር። የመደብሩ ሥራ ላይ ሳለሁ ሻይ የምጠጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

አሁን በብርጭቆ አንድ ማንኪያ አድርጌአለሁ፤ ሽንኩርቱንም የሰኞ ገበያዋ እንዳሉት አበስላለሁ፤ ማታ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ባጃጁን ትቼ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ እተነፍስ ነበር፤ አሁን አልቆምም። በየቀኑ ጠዋት ከምግብ በፊት ተመዝኜ የሳምንቱን አማካይ እወስዳለሁ፤ 67.9 የነበረው በአምስተኛው ሳምንት 67.1 ሆኗል። የወገቤ ልክ 86 ሳንቲ ሜትር ነው። የእናቴም ከ80 በላይ ስለሆነ፣ ጡረተኛው መምህር እንዳሉት ቁጥሩን አሳይቻቸው የስኳር ምርመራ ለማድረግ ተስማምተዋል።

ጦሳ ሥር

በአምስት ሳምንት ስምንት መቶ ግራም ትንሽ እንዳይመስልዎት፤ ክብደቱ ከመጣበት ይልቅ ፈጥኖ እየወረደ ነው። በሚቀጥሉት ወራት ፍጥነቱ ሲቀንስ ያያሉ፤ ሰውነት ሲቀል ወጪውም አብሮ ስለሚቀንስ የሚጠበቅ ነው፤ ያኔ ምግብ አጥብቀው እንዳይቀንሱ።

የሐረጎ ተጓዥ

እሺ፣ አስተውላለሁ። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል፤ በዋዜማው አዲስ ጀሪካን ከፍቼ በላዩ ላይ መስመር አሰምራለሁ። የጾሙን ውጤት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።